ካፊያ በጋለ ብረት ላይ

ሠራተኛው ሁሉ ወጣቱን «ካፊያ» ነበር የሚለው። የጋለ ብረት ዘይት ገንዳ ውስጥ ከመንከር ውሃ እንደ ካፊያ እየረጩ ማቀዝቀዝ ይሻላል ብሎ፣ ቧንቧዎቹን ተሸክሞ ወደ ብረት ማጠንከሪያው ቤት የመጣ ዕለት ያወጡለት ስም ነው።

ምድጃውን የምትቆጣጠረው የባለቤቱ ልጅ መጀመሪያ አብራ ስቃበታለች። ኋላ ግን ድምፁን ሳትሰማ የዋለችበት ቀን፣ ቀን አልመስል አላት።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዘይት ጭስ ሲምጉ ኖረው ደረታቸው አልቋል። ሳልና ፍቅር አይደበቅም ይባላል፤ በዚያ ቤት ሳል የአባት፣ ፍቅር የልጅ ነበር።

«ስማ ልጄ፣» አሉት ካፊያን አንድ ጠዋት፣ «አንድ የመኪና ዘንግ እሰጥሃለሁ፤ በውሃህ አጠንክረው። ከተሰነጠቀ ቧንቧህን ሰብስበህ በሰላም ትሄዳለህ።»

«እሺ አባባ።»

ልጅቷ ወደ ምድጃዋ ዞራ እሳቱን ቆሰቆሰች።

ፍም የመሰለው ዘንግ ከምድጃው ወጥቶ በሰንሰለት ተንጠለጠለ። ካፊያ ውሃውን ለቀቀው። ከየአቅጣጫው ጉም የመሰለ እርጭታ ተነሳ፤ ብረቱም መጥቆር ጀመረ። ምድጃ ዳር ነው ያደገችው፤ እሳት ያለ ጭስ፣ ያለ ጩኸት እንዲህ ሲተኛ ግን አይታ አታውቅም። ዐይኗን መንቀል አቃታት።

ድንገት በዘንጉ አንድ ጎን ቅላቱ እንዳለ ቀረ።

«አንዱ ቧንቧ ተደፍኗል!» ብላ ጮኸች።

አንድ ወገኑ ቀድሞ የቀዘቀዘ ብረት እንደሚሰነጠቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ካፊያ ክው ብሎ ቀረ። እሷ ዘልላ፣ ዘንጉ የተንጠለጠለበትን ማዞሪያ እጀታ ያዘች።

«ምን ያስቆምሃል? እናዙረው እንጂ!»

እጁን እጇ ላይ ደርቦ ያዘ። ዘንጉ ቀስ እያለ ዞረ፤ ውሃው ሁሉንም ጎን አዳረሰ፤ ቅላቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠፋ።

«ጌታዬ፣ ሲያምር!» አለች በሹክሹክታ።

እሱ ብረቱን አላየም፤ በእንፋሎት የራሰ ፊቷን ነበር የሚያየው።

አባት መዶሻቸውን ይዘው መጡ። የተሰነጠቀ ብረት ሲመቱት ድምፁ ይታፈናል። መቱት።

ድምፁ ጥርት ብሎ ቤቱን ሞላው፤ ረዘመ፣ ረዘመ። ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘንብለው እስኪያልቅ ሰሙት። ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«ዕድሜ ልኬን ብረት እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

ካፊያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ልሂድ ወይስ ልቆይ አባባ?»

ሽማግሌው ወደ ማዞሪያው ተመለከቱ።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ብረቱ ከቀዘቀዘ ቆየ እኮ፤ እናንተ ግን እጀታውን አልለቀቃችሁም።»