የጽጌረዳው ሰም

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሕልም ነበር እንዳትሉኝ... ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፣ ፀሐይ አለች፣ እኔም መቀስ ይዤ ቆሜያለሁ።

ቦታው የወላጆቼ ቤት ጓሮ ነው። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ማንም ወጥቶበት አያውቅም። አባዬ እግሩ ከከዳው ቆይቷል፤ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ይውላል። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ሐኪሙ፣ «እንዲህ ከቀጠለ ብርዱን አይዘልቀውም» ብሎኛል።

እኔ የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በማይክሮስኮፕ አያለሁ፣ ያየሁትን እናገራለሁ። በቀብሯ ዕለት አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር የምነካው በጓንት ይመስለኛል።

ጽጌረዳዎቹ የእሷ ናቸው። ሙቀቱ ሲያልፍ ትገርዛቸው ነበር፤ በብርዱ ወራት ያብባሉ። አገራረዟ የራሷ ነው። የቆረጠችው እንጨት ውስጡ ለምለም ከሆነ ሻማ ታንጠባጥብበትና ሰሙን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ጣቷ ላይ መቀስ የተወው ጠባሳ ስለነበር፣ ሰሙ ላይ ሁልጊዜ ሰያፍ መስመር ይቀራል።

ውስጡ ቡናማ ከሆነ ግን ሰም የለም።

«ይሄ አልቆለታል» ትልና ትተወዋለች።

የመጀመሪያውን ረድፍ ገርዤ ጨረስኩ። ሻማ ረስቼ ኖሮ ልወስድ ገባሁ። አባዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ፈገግ ብሏል።

«ፀጉር አስተካካይ መሰልክ እኮ» አለኝ። «መላጣ አደረግሃቸው።»

ከቀልድ ጋር ከተለያየ ስንት ጊዜው!

«ሻማው የት ነው አባዬ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወስዳዋለች።»

«ማን?»

«ዝም በል... እየሠራች ነው።»

መሳቢያውን ከፈትኩ። ሻማ የለም።

ተመልሼ ወጣሁ። ጓሮው ውስጥ ሰው የለም። ነፋስም የለም... የቆረጥኳቸው ጫፎች ግን ሰም ለብሰዋል።

ጎንበስ ብዬ አንዱን ነካሁት።

ሰሙ ይሞቃል።

ላዩ ላይ ሰያፍ መስመር አለ።

መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም። እንደ ልማዴ አንድ በአንድ መረመርኩ። ከእርጥቡ የዘለለችው የለም። ከደረቁ የነካችው የለም። ሥራዋ ንጹሕ ነው።

ከዚያ ከቤት ውስጥ... የማንኪያ ድምፅ ሰማሁ።

ገባሁ። አባዬ ጠዋት ያቀረብኩለትን ሾርባ፣ እንደቀዘቀዘ፣ እየጠጣ ነው።

«አባዬ... እጅህ ላይ ምንድን ነው?»

ግራ እጁን አነሳልኝ። አይበሉባው ላይ ነጭ ሰም አለ፤ ጠርዙ ገና አልረጋም። ላዩ ላይ ያው መስመር።

«ትንሽ ያቃጥላል» አለ እየሳቀ። «አንተንስ የቱ ጋ አደረገችልህ?»

መዳፌን አየሁ። አይበሉባዬን አየሁ። ምንም የለም።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ስገርዝ መሆን አለበት፣ እሾህ ክንዴን በረጅሙ ሰንጥቆታል። አላመመኝም ነበር።

ደም የለውም...

ውስጡ ቡናማ ነው።