ጋሽ ማክ ያልተነሱበት ሞት

ባለፈው ስለ አሳ ነባሪው ስጽፍ የሳቃችሁብኝ ሰዎች፣ በዚያ ሳቁ። መብታችሁ ነው።

ይሄኛው ግን ሆኗል።

ዓይኔ እያየ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ሆንግ ኮንግ፣ ኮረብታው ሥር በነበረው ስቱዲዮ፣ ድምፅ ክፍል ውስጥ።

ያኔ ፊልም ሲቀረጽ ድምፅ አይቀዳም ነበር። ተዋናዩ ያወራል፣ ውጭ ዶሮ ይጮሃል፣ አናጺው ይደበድባል... ማንም ግድ የለውም። ኋላ እኛ ጨለማ ክፍል ገብተን፣ የተዋናዩን ከንፈር እያየን ድምፅ እንሰጠዋለን።

እኔ ውሻ ነበርኩ። ሕፃንም፣ አሮጊትም፣ የሚያጣጥር ሰውም። ትምህርት ገና በልጅነቴ ጥሎኝ ሄዷል፤ ከንፈር በማንበብ ግን የሚቀድመኝ አልነበረም። ስሜ ዪፕ ነው። የሚጠሩኝ "ውሻው" እያሉ ነው።

ጋሽ ማክ ደግሞ ሟች ነበሩ።

ሙሉ ስማቸው ማክ ዩ ቶንግ። አርባ ዓመት ፊልም ሲሠሩ በአንዱም እስከ መጨረሻው በሕይወት አልቆዩም። ተመርዘዋል፣ ታንቀዋል፣ ከጣሪያ ተወርውረዋል። ሕዝቡ ፊታቸውን እንጂ ስማቸውን አያውቅም። መንገድ ላይ "ያ የሚሞተው ሰውዬ!" ይሏቸዋል።

"ጋሼ፣ ትናንት በሁለት ፊልም ሞቱ አሉ?"

"በሦስት። አንዱ ከምሳ በፊት ስለሆነ አልቆጠርኩትም። በባዶ ሆድ ሞት አይባልም።"

በስቱዲዮአችን አንድ ሥርዓት ነበር። ካሜራ ፊት የሞተ ተዋናይ በራሱ አይነሳም። ዳይሬክተሩ ራሱ ይመጣና በእውነተኛ ስሙ ይጠራዋል። "እገሌ፣ ሥራው አልቋል፣ ተነስ።" ሟቹም "አቤት!" ብሎ ይነሳል፣ እንትፍ ይላል፣ ካሜራውን አይቶ ይስቃል። ክፉውን የምትሸኝ፣ ገንዘብ ያለባት ቀይ ፖስታም ትሰጠዋለች።

ካልተጠራስ?

"ሞቱ የፊልም መሆኑን ማን ይነግረዋል?" ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ።

በዚያ ዓመት ተአምር ተፈጠረ። ጋሽ ማክ የማይሞት ሰው ሆነው ተመረጡ። የሙሽራዋ አባት።

ኮሌታዬን ይዘው ነገሩኝ።

"ውሻው፣ መጨረሻው ላይ አለሁ! ልጄን እድራለሁ፣ የተጠበሰ አሳማዬን እበላለሁ፣ ፊልሙ ያልቃል። አለሁ!"

"እንኳን ደስ ያለዎት። ሰው ግን የቲኬቱን ገንዘብ መልሱልን ይላል።"

ሳቁ። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር... "አንዴ እንኳ በሕይወት ልውጣ፣ ልጄ" አሉኝ።

እኛ ዘንድ ድርሰት እዚያው እየተቀረጸ ይቀየራል። አንድ ቀን ከሰዓት ዳይሬክተር ፉንግ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት፣ አንዲት ወረቀት ይዞ መጣ።

"ጋሽ ማክ፣ ሙሽራዋ እንድታለቅስ ፈለግሁ። ከሰርጉ በኋላ ይሞታሉ። የሞቱን ዛሬ፣ ሰርጉን ነገ እንቀርጻለን።"

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት።

"...እሺ፣ ልጄ። ብቻ ስሜን መጥራትህን አደራ።"

"እባክዎ ጋሼ፣ የባልቴት ነገር አያምጡብኝ።"

ወለል ላይ ተጋደሙ። ሞቱ። እንደዚያ ሲሞቱ አይቼ አላውቅም... ትወና አይመስልም ነበር።

"በቃ!" አለ ፉንግ። "ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁላችሁም ወደ ውጭ!"

እትዬ ላን፣ ሜካፕ የምትሠራው፣ ተከትላው ሮጠች።

"ጥራቸው እንጂ!"

"ብርሃኑ እያመለጠኝ ነው! እግር አላቸው አይደል? ይነሳሉ።"

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። "ጋሼ... ጋሽ ማክ!" ብዬ ጠራሁ። የእኔ ጥሪ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ጠራሁ ብቻ።

ከዚያ ተነሱ።

በራሳቸው። አቤት አላሉም። እንትፍ አላሉም። አልሳቁም። አጠገቤ አልፈው ወጡ።

በማግስቱ ሰርጉ ተቀረጸ። ሙቀቱ ጉድ ነው፤ የሙሽራዋ ቀለም ቀልጦ አንገቷ ላይ ይወርዳል። የጋሽ ማክ ግንባር ደረቅ ነው።

አሳማውን ጎረሱ። አኘኩ። ቀረጻው ቆመ። ያኝካሉ። ምሳ ተበላ፣ ሻይ ተጠጣ...

ያኝካሉ።

እትዬ ላን እጅጌዬን ሳበችኝ።

"ውሻው... ና እስቲ።"

"ምነው?"

"አፍንጫቸው ሥር ስቀባቸው... ትንፋሻቸው እጄን አልነካኝም።"

"አይ እትዬ! የቀልድ ሥራ የእኔ ነው።"

"ልጄን ይንሳኝ።"

እትዬ ላን በልጇ አትምልም።

ቀረጻው አልቆ ድምፅ ክፍል ገባን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ያልኳችሁ ሰዓት። እኔ ማይክ ፊት፣ ጋሽ ማክ አጠገቤ፣ ፉንግ ከኋላችን። ሰርጉ ሸራው ላይ መጣ።

ሙሽራዋ የተጻፈላትን ትላለች። እንግዶቹም። ከዚያ አባትየው ብርጭቆ አነሱ። ወረቀቱ የሚለው "ልጄ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል" ነው።

ከንፈራቸው ግን...

"ፊልሙን ወደ ኋላ መልሱት" አልኩ ለአጫዋቾቹ። መለሱት። ያው ነው።

"ምን ሆነሃል?" አለ ፉንግ በሹክሹክታ።

"ሌላ ነገር ነው የሚሉት።"

"ምን?"

"'ወለሉ ላይ ነኝ'... ነው የሚሉት። 'ጥሩኝ። እባካችሁ ጥሩኝ።'"

"ውሻው፣ ዛሬ አልስቅልህም።"

"አልቀለድኩም! ከንፈራቸውን እይ!"

አየ። ከንፈር ማንበብ አያስፈልግም ነበር። ሰርጉን ሙሉ፣ በእያንዳንዱ ምስል፣ ሙሽራዋ ስታወራም፣ ሌሎች ሲስቁም፣ ጥግ ላይ ያ አፍ ያንኑ ይላል። ይለምናል።

"ጥራቸው" አልኩት። "ከአንተ በቀር የሚጠራቸው የለም። ጥራቸው!"

ፉንግ ተነሳ። ወደ ሸራው ዞሮ...

"ማክ ዩ ቶንግ... ሥራው አልቋል... ይነሱ።"

ሸራው ላይ ከንፈራቸው ቆመ። ፊታቸው ተስፋ አደረገ። ምላሳቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ሊመልሱ ነበር...

"አቤት!"

ከሸራው አይደለም።

ከአጠገቤ ነው።

አጠገቤ የነበረው ሰውዬ እንትፍ አለ። ከዚያ እኛን አይቶ ሳቀ። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ እሱን አንቱ ማለት አቃተኝ።

ሸራው ላይ ጋሽ ማክ ይህን ሰሙ። አዩን። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡና... ዞሩ። ጀርባቸውን ሰጡን።

ፉንግ በማግስቱ ደግሞ ጠራ። በየቀኑ ጠራ። ድምፁ እስኪዘጋ ጠራ። ስሙ አንዴ "አቤት" ተብሎበታል፤ ሁለተኛ የሚመልስ አልነበረም።

ያኛው፣ እኛን አይቶ የሳቀው፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ፊልም ሠራ። በአንዱም አልሞተም።

ባለፈው እሑድ ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፤ እኔ ሳልወለድ የተሠራ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ነው። ጋሽ ማክ፣ ወጣት ሆነው፣ መርዝ ይጠጡና ወደ ካሜራው እያዩ ይወድቃሉ።

ጽዋው ወደቀ።

እሳቸው ግን ግድግዳውን እያዩ ቆመዋል። ጀርባቸውን ሰጥተው።

ሌላ ፊልም ፈለግሁ። ሌላም። ሁሉም ውስጥ ጀርባቸውን ነው የሚያሳዩት።

ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል... አንድ ነገር እያሉ ነው።

ከጀርባ ከንፈር አይነበብም።