ለልጄ አራስነት የሠራሁት አልጋ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ነበርኩ። መቱ ውስጥ ስንት ዓመት አናጢ ሆኜ ስኖር «ያንን ዛፍ አትንካ፣ ይሄኛው ባለቤት አለው» ሲሉኝ እንጨት እንጨት ነው እያልኩ ስንቱን ጣውላ አድርጌዋለሁ፣ እመኑኝ፣ አንድም ቀን እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም።

ልጄ ሀና የመጀመሪያዋን ልትወልድ ከጎሬ እኛ ቤት ስትመጣ፣ የምትታረስበት ደህና አልጋ ልሥራላት ብዬ ያዮ መንገድ ላይ አንድ ዋንዛ አገኘሁ፣ ምን የመሰለ ቀጥ ያለ ዋንዛ! ባለመሬቱ ሸጠልኝ፣ ላዩ ላይ ቀፎ የሰቀሉት ሽማግሌ፣ ኦቦ ዲንሳ፣ ግን እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ቀፎ ያለበት ዛፍ አይቆረጥም፣ ዋቃን ፍራ። ማሩ ይውጣና ቀፎውን ላውርድ፣ ከዚያ ትቆርጣለህ።»

የሀና ቀን ደርሷል፣ ምን ጊዜ አለኝ? እሳቸው ቡሬ ለቅሶ በሄዱበት ቀን በሞተር መጋዝ አስጣልኩት። ቀፎው ተሰባበረ። ንቦቹ ግን አልሸሹም፣ አልነደፉንምም፣ የተጋደመው ግንድ ላይ ሰፍረው ዝም አሉ፣ ዝናብ ወርዶባቸው እዚያው አለቁ፣ እኔም በመጥረጊያ ጠርጌ ግንዱን አስጫንኩ። አሁን ሳስበው ያመኛል።

አልጋው አማረ። ሀና በተኛችበት በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «አባዬ፣ ይሄ አልጋ ያንጎራጉራል እኮ» አለችኝ እየሳቀች። «እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፣ ሲደርቅ ይጮሃል» አልኳትና ጆሮዬን ራስጌው ላይ ለጠፍኩ። እርጥብ እንጨት ይሰነጠቃል፣ ይጮሃል፣ አውቀዋለሁ፣ ይሄ ግን ሌላ ነበር፣ የብዙ ነገር ድምፅ፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ በመዳፌ ገብቶ እስከ ክንዴ ነዘረኝ።

ልጄን አስነስቼ አልጋውን ፈታሁት፣ ፈለጥኩት። ነቀዝ የለ፣ ቀዳዳ የለ፣ ጥርት ያለ እንጨት። እያንዳንዱ ፍልጥ ግን ያንጎራጉር ነበር።

ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አልተቆጡኝም።

«ቤቱ የፈረሰበት ንብ ቤት ይፈልጋል» አሉኝ። «አልጋው ላይ የተኛ ሰው አለ?»

«ልጄ ተኝታበታለች፣ ነፍሰ ጡር ናት።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬቱን አዩ። ቤት ስመለስ ፍልጦቹ ዝም ብለዋል።

ሀና በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። ክርስትናዋ እየደረሰ ነው፣ እስካሁን አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም፣ ሴቶቹ «ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ!» እያሉ ያደንቃሉ። አንድ ቀን አቅፌ ደረቷን ወደ ጆሮዬ አስጠጋኋት። ከዚያ ወዲህ አላቀፍኳትም። ሀና «አባዬ፣ ሴት ስለሆነች ነው?» ብላ ተቀይማኛለች፣ ምን ብዬ ልንገራት?