ከውስጥ የማይከፈት በር

ንብረት ያዧ ሞታ የተገኘችው ጠዋት፣ ሠራተኞች ላፕቶፖቻቸውን ለመረከብ ተሰልፈው ሳሉ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፖች የሚያድሩባት የጠባቧ ክፍል የብረት በር ሲከፈት ወለሉ ላይ ተዘርራ ነበር። አስም ነበረባት፤ መድኃኒቷና ስልኳ ከክፍሉ ውጭ፣ የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል።

መርማሪው መጀመሪያ ያየው በሩን ነው። ሲገፉት በራሱ ይቆለፋል፤ ከውስጥ በኩል ግን እጀታው ተነቅሏል።

«እኔ ነኝ ያስነቀልኩት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ባለፈው ሌባ በጣሪያ ገብቶ ላፕቶፕ ይዞ በበሩ ወጣ። ሁለተኛ እንዳይወጣ ብዬ ነው።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ የነቀለው ቴክኒሻን፣ እሷ። ወሬው እንዳይወጣ ለሌላ አልተነገረም።»

«ታዲያ እሷ ስትገባ እንዴት ታደርግ ነበር?»

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ። «እንዳይዘጋባት በሩ ሥር የእንጨት ሽብልቅ ትወትፍ ነበር።»

ሽብልቁ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከመነጽር ማኅደሯ አጠገብ ተቀምጧል። መርማሪው ቴክኒሻኑን ክፍሉ ውስጥ ዘጋበትና እንዲያንኳኳ አደረገ። ድምፁ ታች የማታው ጥበቃ እስከሚቀመጡበት ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ጥበቃው የሟች አጎት ናቸው፤ ያሳደጓት እሳቸው፣ በስተርጅና እዚህ ሥራ ያስገባቻቸው ደግሞ እሷ። መርማሪው ከኋላቸው ቆሞ «አባባ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር?» ቢላቸው ዝም አሉ። ዞሮ ፊት ለፊታቸው ሲደግመው፣ ከንፈር ከንፈሩን እያዩ፣ «አዎ ልጄ፣ አመሻሹ ላይ ጠፍቶ ነበር» አሉ።

ነገሩ ለመርማሪው ያኔ ገባው። ባይገባው በወደደ።

ሦስቱንም በሩ ፊት ሰበሰባቸው።

«ገዳይ ቢሆን ሽብልቁን ይደብቀዋል፤ ወይም ራሷ የረሳችው እንዲመስል ውስጥ ይጥለዋል» አለ። «ይህን ያነሳ ሰው ግን ጠዋት ስትፈልገው እንዳትቸገር ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። ነገ ትመጣለች ብሎ ነው። እንግዲያው በሩ ከውስጥ እንደማይከፈት አያውቅም። እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ ታውቃላችሁ።»

የሁለቱም ዓይን ወደ ሽማግሌው ሄደ።

«ክፍት የተገኘ በር ሁሉ ይዘጋ ተብያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ጨለማ ነበር። ተጣራሁ፤ መልስ አልሰማሁም። የሄደች መሰለኝ። ጆሮዬ ከከዳኝ ቆይቷል፤ ከሥራ እንዳልወጣ ብዬ ለእሷም አልነገርኳት።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እጀታው ዛሬውኑ ይገጠማል።»

«ጅብ ከሄደ» አለ ቴክኒሻኑ፤ አልጨረሰውም።

መርማሪው ቃላቸውን ከመመዝገብ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ሊወጣ ሲል ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጠርታኝ ነበር?»

ቴክኒሻኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መርማሪው ሽማግሌው ከንፈሩን እንዲያዩለት ቀረብ ብሎ፣ ቃሉን እያዘገየ፣ «በሩ ወፍራም ነው አባባ» አላቸው። «ማንም አይሰማም ነበር።»