የምሥራች ያላየችው ወንዝ

የምሥራች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ቦንጋ ከተማ ዳር፣ ከወንዙ አጠገብ ነው።

ልጆች፣ ወንዝም እንደ ሰው ይታመማል። በእነ የምሥራች ሰፈር የወንዙን ጤና የሚከታተሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወርደው የውሃውን መልክ ያያሉ፤ ሽታውን ያሸታሉ። ድንጋይ እያነሡ ከሥሩ የሚኖሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ይፈልጋሉ። ነፍሳቱ ካሉ ውሃው ደኅና ነው። ከጠፉ ግን የሰፈሩን ሰው ያስጠነቅቃሉ። መሪያቸው ጋሽ ገሠሠ ናቸው። የምሥራች እኔንም አስገቡኝ ብላ ለምና ነው የገባችው። ወንዙ ዳር ካለው የቡና ማጠቢያ በታች ያለው ስፍራ ለቤቷ ስለሚቀርብ እሱን እንድታይ ሰጧት።

ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ወደ ወንዙ ስትወርድ ጓደኞቿ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አገኘቻቸው። ነይ አንድ ዙር ብቻ አሏት። የወንዙ መንገድ ጭቃ ነበር፤ አልቅትም አለበት። ባለፈው ሳምንት ውሃው ጥሩ ነበር፣ ዛሬስ ምን ይሆናል ብላ አሰበችና ስትጫወት ዋለች። መጫወቷ እንኳ ያን ያህል አልከፋም ነበር፤ የከፋው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ጋሽ ገሠሠ መጥተው፣ «አየሽው?» ብለው ጠየቋት።

«አዎ፣ ነፍሳቱ አሉ» አለች።

አመኗት፤ መረቋትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይ ልቧ አላረፈም። ያን ጊዜ እንኳ ብትናገር ጥሩ ነበር። አፈረችና ዝም አለች።

ከሰፈሩ በታች እትዬ ተሾመች ይኖራሉ። ባላቸው ስለሞቱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት የአንዲት ላም ወተት እየሸጡ ነው። በዚያው እሑድ ላሚቱን ወንዝ አጠጧት። ውሃው ደኅና ነው ስለተባለ አልሠጉም። የቡና ማጠቢያው ቆሻሻ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ግን ሞልቶ፣ እጣቢው ወንዙ ውስጥ ገብቶ ነበር። የላሚቱ ሆድ ተነፋ። የከብት ሐኪም ቢመጣም ሊያድናት አልቻለም። ሞተች።

የምሥራች ይህን ስትሰማ እህል አልወርድ አላት። እናቷ ምን ሆንሽ ስትላት አልቅሳ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷም እጇን ይዛ እትዬ ተሾመች ቤት ወሰደቻት። የምሥራች እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ ወንዙን ሳላየው አይቻለሁ ብዬ ዋሸሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለች።

እትዬ ተሾመች ባዶውን በረት አዩ። ከዚያ አነሷት።

«ውሃውን ያበላሸሽው አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ። ይቅር ብዬሻለሁ። ብቻ እውነቱን ብትነግሪን ኖሮ፣ ላሜን ምንጭ ወስጄ አጠጣት ነበር» አሏት።

ልጆች፣ ይህ ቃል ከቁጣ ይልቅ ከበዳት። ይቅርታ አገኘች፤ ላሚቱ ግን አልተመለሰችም። ጠዋት ጠዋት ወተት ሊገዛ እትዬ ተሾመች ደጅ ይቆም የነበረው ሰውም ቀረ።

ጋሽ ገሠሠ ነገሩን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ያንኑ ስፍራ መልሰው ሰጧት። ውሃው መልኩ ጠርቶ ስለነበር ሰዉ ከብቱን ሊያወርድ አስቦ ነበር። የምሥራች በጭቃው ወርዳ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሣች። ከሥራቸው የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። እንባዋን እየጠረገች ተመለሰች።

«ምንም የለም፣ ጋሽ ገሠሠ። ውሃው ገና አልዳነም» አለች።

ያን ቀን የሰፈሩ ከብት ሁሉ ወደ ምንጩ ተነዳ።

ልጆች፣ ሰው ቃላችሁን አምኖ ይውላልና ያላያችሁትን አየሁ አትበሉ።