ቅቤ ያለበት ወተት

«ዛሬስ ድመቱ ይጠጣል?» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ሰዕዲያ፣ ቅቤ የተንሳፈፈበትን የወተት ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘው እየገቡ።

እስከዳር ሦስት ቀን ሙሉ ይሉኝታ ይዟት ወተቱን ለድመቷ ለዳሚት ስትሰጥ ሰንብታለች። እትዬ ሰዕዲያ ገና ከግቢው ሳይወጡ ድመቷ ታስመልሰዋለች፤ ከዚያ አልጋ ሥር ኩርምት ብላ ትውላለች።

ዛሬ ጠዋት በካርቶን ይዛት ወደ እንስሳት ሐኪም ሄዳ ነበር። ላምና አህያ ሲያክም የኖረው ዶክተር ጂራታ «ይቺ ደግሞ ስንት ሊትር ትታለባለች?» ብሎ ቀለደባት። ሆዷን ሲዳብስ ግን ቀልዱን ተወ።

«ቆሽቷ የተቆጣ ይመስለኛል። የሚያረጋግጥ ምርመራ እዚህ የለንም» አለ። ማስመለሱን የሚያስታግስ መርፌ ወጋት፤ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጣት። «ወተትና ቅቤ በአፏ አይዙር። ግን እንዳታስርቢያት፤ ድመት ሳትበላ ከሰነበተች ጉበቷም ይታመማል። ስብ የሌለው የዶሮ ሥጋ ቀቅለሽ፣ ለብ አድርገሽ፣ በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ስጫት። እስከ ነገ ካልበላች መልሰሽ አምጫት።»

ይህን ለእትዬ ሰዕዲያ እንዴት ትንገራቸው? እሷና እናቷ ከደብረ ማርቆስ አሶሳ ከመጡ አራተኛ ወራቸው ነው። እናቷ ከከተማው ውጭ፣ ሆሞሻ አስተማሪ ናት፤ ማለዳ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። በእነዚህ አራት ወራት በራቸውን ያንኳኳ ሰው ቢኖር እኚህ ሴት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የመጡት ድመቷ ስትታመም ነው። ወተቱ ከቀረ እሳቸውም ይቀራሉ።

እትዬ ሰዕዲያ ተንበርክከው ኩባያውን ወደ አልጋው ሥር አስጠጉ። እስከዳር እጇን በኩባያውና በዳሚት አፍ መካከል አስገባች።

«እትዬ፣ አይስጧት። የሚያስመልሳት ወተቱ ነው።»

እትዬ ሰዕዲያ ቀና አሉ። «እኔ ነው ያሳመመው?»

«አይደለም፣ ቆሽቷን ታማ ነው። ቅቤው አባሰባት እንጂ።»

«ነገ ታዲያ ምን ይዤ ልምጣ?»

«ምንም። እንዲሁ ይምጡ።»

«በሽተኛ ባዶ እጅ ይጠየቃል? ወላሂ፣ ነውር ነው» አሉ። ኩባያውን በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ሸፍነው ወጡ።

ቤቱ ጭር አለ። እስከዳር የቀቀለችውን የዶሮ ሥጋ ለብ አድርጋ በጣቷ አቀረበችላት። ዳሚት አሸተተችው፤ ፊቷን አዞረች። ቆይታ አንዴ ላሰችው። ደግማ ላሰችው፤ ቁራጩንም ዋጠች።

እስከዳር ለሚቀጥለው የዳሚት ምግብ የስልኳን ደወል ለአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሞላችና ወጣች። የእትዬ ሰዕዲያ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። አሶሳ ከመጣች የሰው በር አንኳኩታ አታውቅም።

አንኳኳች።