የግራ እግር ታኮ

ሊዲያ ፍሬኑን እንደረገጠች እያለቀሰች ነበር።

ለቀላል ባቡሩ ተብሎ የቃሊቲ መንገድ የተቆፈረ ጊዜ ነው። መኪናው ሁሉ በውስጥ ለውስጥ ዳገት ይተራመሳል። ዳገቱ ወገብ ላይ የአባቷ አሮጌ መኪና ሞተሩ ጠፋባት። የእጅ ፍሬኑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ከኋላዋ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጥሩንባውን ያንባርቃል። እግሯን ካነሳች አለቀላት። ከጎኗ የተቀመጡት እናቷ ወይዘሮ ብዙወርቅ አስማቸው ተነስቶ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«እማዬ፣ በእመቤቴ፣ ትንሽ ቻይልኝ!»

አንድ ወጣት ከኋላ እየሮጠ መጣ።

«እህት፣ ታኮ አለሽ?»

«ምን?»

«ታኮ! ታኮ ስጪኝ፣ ቶሎ!»

መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወር ያልሞላት ሊዲያ የምታውቀው ታኮ አንድ ነው። ቀኝ እግሯን ከፍሬኑ ሳታነሳ የግራ ጫማዋን አውልቃ በመስኮት አቀበለችው። አትሳቁባት! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

ልጁ፣ ነቢዩ ይባላል፣ ጫማውን አየ፣ እሷን አየ።

«ኧረ እኔ ጎማ ሥር የሚደረገውን እንጨት...»

አልጨረሰም። እግሯ ተንቀጥቅጦ መኪናው ሸርተት ሲል ያንኑ ጫማ ጎማው ሥር ወሸቀው። ጫማው ተጨፈለቀ፤ መኪናው ቆመ። ከራሱ መኪና ትክክለኛውን ታኮ አምጥቶ ደገፈውና እናትየውን በራሱ መኪና ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ሊዲያ በአንድ እግር ጫማ እያነከሰች አብራቸው ተሳፈረች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ ተረፉ።

ፍቅራቸው ከዚያ ጀመረ። ማታ ማታ ከቢሮዋ ሲወስዳት የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ያስተምራታል።

«ይሄ መኪና የሚያነሳው ክሪክ ነው። ይሄ መጎተቻ ገመድ። ይሄ ደግሞ ጫማሽን የሚያተርፍ እንጨት።»

«አንተ! አሁንም አልረሳህም?»

ጥግ ላይ ያለችውን ፌስታል ግን አሳይቷት አያውቅም።

አንድ ዝናባማ ቀን ዣንጥላ ስትፈልግ ራሷ ከፈተቻት። የሕፃን ብርድ ልብስ... ትንሽዬ የሹራብ ኮፍያ...

ነቢዩ ፊቱ ጠቆረ። ከእጇ ነጥቆ መለሰው።

«ተይው ሊዱ። ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።»

«አያስፈልግም። ገብቶኛል!»

በዝናቡ ጥላው ሄደች። ሚስት አለችው፣ ልጅ አለው፣ እኔን ያታልለኛል! ስልኳ ሲጮህ ልቧ ይመታል፤ አታነሳም። ዝም ሲል ደግሞ ይብስባታል። እህል አልወርድ አላት።

አንድ ቀን እናቷ ቢሮ ደወሉ።

«ልጄ... ትንፋሼ...» ስልኩ ተቋረጠ።

እንዴት ታክሲ እንደያዘች አታውቅም። «በነፍሷ አድርሰኝ» እያለች ስትደርስ የነቢዩ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ስትገባ ግን ወይዘሮ ብዙወርቅ ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ ነቢዩ ከፊታቸው ግራ ተጋብቶ ቆሟል።

«እማዬ! ልትገድይኝ ነው?»

«የኔ ትንፋሽ ደህና ነው። የታፈናችሁት እናንተ ናችሁ። ውጡና ተነጋገሩ!»

ነቢዩ ወደ መኪናው ወስዷት ያቺን ፌስታል አወጣ።

«እህቴ ፍቅርተማርያም ምጥ ይዟት ከቂሊንጦ እየነዳሁ ሳመጣት ጎማ ተነፈሰ። ክሪክ አልያዝኩም። ዝናብ ነበር፣ ብርድ ነበር... ልጁ መኪና ውስጥ ተወለደ። የምጠቀልልበት ጨርቅ እንኳ አልነበረኝም ሊዱ! ሐኪም ቤት ስንደርስ... አልፎ ነበር።» ትንሿን ኮፍያ በጣቱ ዳበሰ። «ከዚያ ወዲህ ባዶ እጄን መንገድ አልወጣም። ይሄን ግን ላወራው ስል አፌ ይተሳሰራል።»

«እኔኮ ሚስት ያለህ መስሎኝ... ይቅር በለኝ ነቢ!» እቅፍ አድርጋው አለቀሰች።

«ሚስትማ የለችኝም» አለና ከፌስታሉ ሥር የተጨፈለቀ ጫማ አወጣ። የሷው ነው! «እዚህ ኮፈን ውስጥ ያለው ሁሉ ከፍርሃት የያዝኩት ነው። ከፍቅር የያዝኩት ይሄን ብቻ ነው። ሊዱ... ፍርሃቴ ወደ ኋላ ሲጎትተኝ ታኮ ትሆኚኛለሽ?»

ሊዲያ ጎንበስ ብላ የግራ እግር ጫማዋን አወለቀችና አቀበለችው።

ከበሩ ኋላ የወይዘሮ ብዙወርቅ እልልታ ቀለጠ። ረጅም፣ የማያቋርጥ እልልታ። ወይ እኚህ ሴትዮ! ያን ሁሉ ትንፋሽ ከየት አመጡት?